«ያልተማርኩበት ከተማ ሄጄ ምን አደርጋለሁ?»

የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም እህቴ። ሐዋሳ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ታናሽ እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው። ቪዛዬ ወጥቷል፣ ዕቁቤም ደርሶኛል፣ ሐምሌ ላይ ለሁለት ሳምንት ልጠይቃት እሄዳለሁ። ከዚያ ውስጥ ሦስት ቀን ቆርጬ ኦክስፎርድ ብቻዬን ባሳልፍ ደስ ይለኛል። ከተማሪነቴ ጀምሮ ስሙን መዝገበ ቃላት ጀርባ ላይ እያየሁ ነው ያደግኩት። እህቴ ግን ‹ድንጋይ ለማየት ሦስት ቀን? ደርሶ መልስ ይበቃሻል፣ እኔ ፈቃድ የወሰድኩት አብረን እንድንሆን ነው› አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እፈራለሁ። አልተማርኩበትም፣ እንግሊዝኛዬም የመጽሐፍ ነው። በር ላይ ‹ምን ፈልገሽ ነው?› ቢሉኝ ምን እላለሁ? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» መምህርቷ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ሂጂ። ሦስቱንም ቀን ውሰጂ፣ እዚያው እደሪ።

ደርሶ መልሱን ለምን እንደማልወደው ልንገርሽ። ኦክስፎርድ ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያስበው እንደ እህትሽ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። ስለዚህ ከረፋድ ጀምሮ መሀል ከተማው ይጨናነቃል። ምልክት ከፍ አድርጎ የያዘ አስጎብኚ ከፊት ይሄዳል፣ ስልኩን የዘረጋ ቡድን ከኋላ ይከተላል፣ አመሻሽ ላይ ሁሉም ወደ አውቶቡሱ ይገባል። የአንባቢ ሰዓት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐምሌ እዚያ በጋ ነው፣ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ እራትሽን በልተሽ እንኳን መንገዱ ጭር ሲል በብርሃን ረጅም የእግር ጉዞ ማድረግ ትችያለሽ። ጠዋት ማልዶ መነሳትም እንደዚያው ነው። ያላደረ ሰው ይህንን አያገኘውም።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከእህትሽ ንግግር ይልቅ አንቺን ያሰረሽ እሱ መሰለኝ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልግለጽልሽ። ኦክስፎርድ ዋና በር ያለው አንድ ግቢ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ከ30 በላይ ኮሌጆች አሉት። አብዛኛው የራሱ አጥር፣ የራሱ በረኛ፣ የራሱ ጸሎት ቤት፣ የራሱ መመገቢያ አዳራሽና አትክልት ቦታ አለው። ከተማው በመካከላቸው ያልፋል፤ አውቶቡሱም፣ ሱቁም፣ ብስክሌተኛውም። አንዳንዱ ኮሌጅ በነጻ ያስገባል፣ አንዳንዱ ትንሽ ያስከፍላል፣ ክራይስት ቸርች የሚባለው ግን ወደድ ስለሚል አስቀድሞ በኢንተርኔት ቲኬት መቁረጥ ይሻላል። በየበሩ ላይ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው ወይም ዝግ ነው የሚል ሰሌዳ አለ። ዝግ ካለ ለሁሉም ዝግ ነው፣ ለአንቺ ብቻ አይደለም። ክፍት ካለ ደግሞ ገብተሽ «ግቢውን ማየት እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። በረኛው ከዓለም ዙሪያ የመጣ ሰው ሲያስተናግድ ነው የሚውለው፣ የአንቺ እንግሊዝኛ አይከብደውም። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ደግሞ ለዚህ ከተማ ከየትኛውም የተሻለ ነው።

«አልተማርኩበትም» ላልሽው አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። ፔምብሮክ ኮሌጅ የገባው 1728 ላይ ነው፣ የመጽሐፍ ሻጭ ልጅ ነበር፣ አንድ ዓመት ያህል ተምሮ ገንዘብ ስላለቀበት ያለ ዲግሪ ወጣ። ጫማው ተቀዶ እግሩ ይታይ ስለነበር አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በሩ ላይ ቢያስቀምጥለት በንዴት ወረወረው፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ወዳጁ ነው ይህንን ያቆየልን። ይህ ሰው በኋላ ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ዩኒቨርሲቲውም መዝገበ ቃላቱ ሊወጣ ሲል፣ 1755 ላይ፣ የክብር ዲግሪ ሰጠው። አንቺ የመዝገበ ቃላት ጀርባ እያየሁ አደግኩ አልሽ አይደል?

የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ጆንሰን መጀመሪያ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ እኛ ነው። ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባለው የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ቄስ በ1620ዎቹና 30ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ 1735 ላይ አሳተመው። ከዚያ 1759 ላይ እናቱ ሞተችና ለቀብሯ ወጪ እንዲሆነው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ ይባላል። ባለታሪኩ ራሴላስ የሚባል የአቢሲኒያ ልዑል ነው። በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ምንም ሳይጎድለው ይኖራል፣ የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ላይ ይጠበቁ እንደነበረው ማለት ነው፤ እሱ ግን ዓለምን ማየት አለብኝ ብሎ ከእህቱ ጋር ሾልኮ ይወጣል። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። አማርኛውን ካገኘሽ እሰየው፣ ካላገኘሽ እንግሊዝኛው የቆየ መጽሐፍ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል፣ ረጅምም አይደለም። ከመሄድሽ በፊት ጨርሺው። ከዚያ ፔምብሮክ በር ላይ ስትቆሚ፣ ከክራይስት ቸርች ፊት ለፊት ገባ ብሎ ነው ያለው፣ በብዛት ሰው አይቶት የሚያልፍ ትንሽ ግቢ ነው፣ አንቺ ግን ከማንም ቱሪስት ይልቅ የምትቆሚበት ምክንያት ይኖርሻል። ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ፣ ከዚህ ግቢ በድህነት የወጣ ልጅ ስለ ኢትዮጵያ ጻፈ፤ አንቺ ደግሞ ከኢትዮጵያ መጥተሽ የእሱን በር ታያለሽ።

ሴት ስለሆንሽም አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከተማ ትምህርት ይሰጥ እንደነበር የሚታወቀው ከ1096 ጀምሮ ነው፣ ቅዱስ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ ማለት ነው። የሴቶች ኮሌጆች የተከፈቱት ግን 1879 ላይ ነው፣ ከተከፈቱም በኋላ አርባ ዓመት ያህል ሴቶቹ ይማራሉ፣ ይፈተናሉ፣ ዲግሪ ግን አይሰጣቸውም ነበር። ዲግሪ የተፈቀደላቸው 1920 ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ከሁለቱ አንዱ ሶመርቪል ነው፣ ከመሀል ከተማ ወደ ሰሜን ስትሄጂ ታገኚዋለሽ፣ ብዙ ደራሲያን ሴቶች የወጡበት ነው። እና አንቺ «ለእኔ የሚሆን ቦታ ነው ወይ» ብለሽ በመጠየቅሽ ብቻሽን አይደለሽም። በዚያ ከተማ ውስጥ የኖሩ ሴቶችም ለረጅም ጊዜ ጠይቀውታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረኝ የትኛውን ልምረጥ ብትይኝ ሳላመነታ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍትን ነው የምልሽ።

ታሪኩ ለመጽሐፍ ወዳጅ የሚያም ነው። የድሮው የንባብ ክፍል የተከፈተው 1488 ላይ ነው፣ ዱክ ሃምፍሬይ በሚባል መስፍን ስም፣ እሱ በሰጣቸው የእጅ ጽሑፎች። ብዙም ሳይቆይ በሃይማኖት ለውጡ ዘመን መጻሕፍቱ «የድሮ እምነት ናቸው» ተብለው ተወሰዱ፣ ተሸጡ፣ ተቃጠሉ፤ ክፍሉ ባዶውን ቀረ። ከዚያ ቶማስ ቦድሊ የሚባል ከመንግሥት ሥራ የወጣ ዲፕሎማት በራሱ ገንዘብ አድሶ፣ መጽሐፍ እየለመነና እየገዛ ሞላው፣ 1602 ላይ ከፈተው። 1610 ላይ ደግሞ ከለንደን አሳታሚዎች ማኅበር ጋር ተስማማ፤ በእንግሊዝ ከሚታተም ከእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቅጂ እንዲገባ። ያ ነገር እስከ ዛሬ በሕግ ቀጥሏል። መጽሐፍ ደግሞ አያውሱም። 1645 ላይ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ ራሱ ከተማው ውስጥ ሆኖ አንድ መጽሐፍ እንዲላክለት ቢጠይቅ ሕጉን አሳይተው እምቢ አሉት፣ እሱም ተቀበለ። አንባቢ ሆኖ የሚመዘገብ ሰው ዛሬም እሳት ይዞ እንደማይገባና እንደማይለኩስ ቃል ይገባል። እኔ ይህንን ነገር በጣም ነው የምወደው። መጽሐፍን እንደዚህ አድርጎ መጠበቅ እኛም እናውቅበታለን፤ ስንቱ ገዳም ነው ብራናውን ከእሳትና ከወራሪ በዋሻ ደብቆ ያቆየው።

እዚያ ቤት ውስጥ የእኛ ብራናዎች አሉ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ መንገደኛ ጎንደር የነበረው በ1770ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሲመለስ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከእነሱ ውስጥ መጽሐፈ ሄኖክ ነበረበት፣ ሦስት ቅጂ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፣ አንዱን ለቦድሊያን። የቀሩትን መጻሕፍቱን ደግሞ እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ 1843 ላይ፣ ቦድሊያን ገዛቸው። ይሄ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ ግን ለሌላው አንባቢ ልበል፦ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። የይሁዳ መልእክት ይጠቅሰዋል፣ የጥንት አባቶች ያውቁታል፣ አውሮፓ ውስጥ ግን ጠፍቶ ነበር። 1821 ላይ ሪቻርድ ሎረንስ የሚባል የኦክስፎርድ የዕብራይስጥ ፕሮፌሰር ከዚያ ከቦድሊያኑ ብራና ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። ዓለም እንደገና ያነበበው በእኛ ቋንቋ በኩል ነው። ጀርመናዊው ኦገስት ዲልማንም የግዕዝ ብራናዎቹን ዝርዝር አዘጋጅቶ 1848 ላይ ያወጣው እዚያው ነው።

እንግዲህ ይህንን የምነግርሽ ኩራት ብቻ እንዲሰማሽ አይደለም። ደስታና ቅሬታ አብረው ይመጡብሻል፣ ይምጡ። ብራናው ከጎንደር እዚያ ድረስ እንዴት ሄደ፣ ማን ሰጠው፣ ማን ሸጠው፣ ለምን የእኛ ተማሪ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል ብለሽ መጠየቅሽ ተገቢ ነው፤ ተመልሰሽ ለተማሪዎችሽ ይህንኑ ጥያቄ ብታነሺ እኔ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ባዕድ ቤት ገባሁ ብለሽ አንገትሽን ደፍተሽ አትግቢ። ያንቺ መጽሐፍ ካንቺ በፊት ገብቷል።

ተግባራዊውን ልንገርሽ። ንባብ ክፍሎቹ ለአንባቢዎች ብቻ ናቸው፤ ድሮውን ክፍል የምታዪው በአስጎብኚ ነው፣ ቲኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሐዋሳ ሳትነሺ በኢንተርኔት ያዢ። ሥር ያለው ዲቪኒቲ ስኩል የሚባለው አዳራሽ፣ ጣሪያው ድንጋይ መሆኑን እስክትረሺ ድረስ የተፈለፈለ ነው፣ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ቁሚበት። ከመንገዱ ማዶ ዌስተን የሚባለው የቦድሊያን ሕንጻ ደግሞ በነጻ የሚገባበት ኤግዚቢሽን አለው። የሚያሳዩት በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ስለዚህ የግዕዝ ብራና መስታወት ውስጥ ታገኚያለሽ ብዬ ቃል አልገባልሽም። ብራናውን ራሱን ማየት የግድ ከፈለግሽ የአንባቢ ካርድ አስቀድሞ በደብዳቤና በምክንያት መጠየቅ ነው፤ መሞከር ትችያለሽ፣ ጉዞሽን ግን በሱ ላይ አታንጠልጥዪው። ከስብስቡ የተወሰነውን ደግሞ ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለለቀቁት ሐዋሳ ሆነሽ ማየት ትጀምሪያለሽ። ክብ ጉልላት ያለው ራድክሊፍ ካሜራ የሚባለውም፣ ፎቶ ላይ የምታዪው፣ ንባብ ክፍል ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያየው ከውጭ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው የሴንት ሜሪ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ግን በክፍያ ይወጣል፤ ደረጃው ጠባብና ብዙ ነው፣ ጉልበትሽ ደህና ከሆነ ውጪ፣ ከተማውን ከነጉልላቱ ከላይ ታዪዋለሽ። በነገራችን ላይ እኛ በራሳችን አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ስሙን የለመድነው የእርዳታ ድርጅት፣ ኦክስፋም፣ የተጠነሰሰው እዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፣ 1942 ላይ፣ በጦርነቱ ምክንያት ለሚራቡ የግሪክ ሰዎች እህል እንዲገባ በሚጠይቁ ሰዎች ስብሰባ።

ሁለተኛውን ቀን ለውሃውና ለሜዳው ስጪው። ይሄ ለሐዋሳ ሰው ነው የምለው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሳይሄድ ሳምንቱ ያልሞላለት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሕንጻ ብቻ ሲያይ ይታፈናል።

ክራይስት ቸርች ኮሌጅ የሒሳብ መምህር የነበረ ቻርልስ ዶጅሰን የሚባል ዓይን አፋር ሰው ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1862 ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ የኮሌጁን አለቃ ሦስት ሴቶች ልጆች በጀልባ ይዟቸው ወጣ፣ ከፎሊ ድልድይ እስከ ጎድስቶው። እየቀዘፈ ተረት ፈጠረላቸው። መካከለኛዋ አሊስ፣ የ10 ዓመት ልጅ፣ ጻፍልኝ ብላ ለመነችው። ጻፈላት፣ 1865 ላይም ሉዊስ ካሮል በሚል የብዕር ስም ታትሞ ዓለም ያወቀው የአሊስ ታሪክ ሆነ። ወደ ጎድስቶው በእግርሽ መሄድ ትችያለሽ። ጄሪኮ ከሚባለው ሰፈር ተነስተሽ ፖርት ሜዶው የሚባለውን ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ታቋርጫለሽ፣ ላምና ፈረስ ተለቆበታል፣ ከ900 ዓመት በላይ የግጦሽ መሬት ሆኖ የኖረ ነው፣ አልታረሰም። ከዚያ ወንዙን ተከትለሽ እስከ ፈረሰው የመነኮሳይት ገዳም ድረስ። ቀስ ብለሽ ብትሄጂ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማንም አያስከፍልሽም። አንድ ጽሑፍ ለልጅ ጆሮ ተብሎ እንዴት እንደተወለደ ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

የክራይስት ቸርችን አዳራሽ በተመለከተ፣ ረጅሙ ሰልፍ በአብዛኛው የሃሪ ፖተር ፊልም ወዳጆች ነው። ልጅ ካልያዝሽ ያንን ሰልፍ ልትዘይው ትችያለሽ። ይልቅ ማታ ወደ ጸሎቱ ግቢ። የኮሌጁ ጸሎት ቤት የከተማው ካቴድራልም ስለሆነ፣ ሌሎቹ ኮሌጆች በበጋ እረፍታቸው መዘምራን ሲያጡ እዚያ ጸሎቱ ይቀጥላል፣ ብዙ ጊዜ በእንግዳ መዘምራን። ቅዳሴ አይደለም፣ የሠርክ ጸሎት ነው፣ ከ12 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል፣ በነጻ ነው፣ ሃይማኖትሽን ማንም አይጠይቅሽም፤ ሰዓቱን ግን በር ላይ አጣሪ። ከዚያ ቀን ቀን ገንዘብ ከፍለው ከገቡት በላይ ታያለሽ፣ ያውም ቁጭ ብለሽ።

ደራሲዎቹን ቶልኪንንና ሲ ኤስ ሉዊስን የምትወጂ ከሆነ ሞድለን ኮሌጅ ውስጥ አዲሰን ዎክ የሚባል በዛፍ የተሸፈነ ክብ መንገድ አለ፣ ሉዊስ እዚያ አስተማሪ ስለነበር ሁለቱ ሲከራከሩ የሄዱበት ነው። ጽሑፎቻቸውን ይነባበቡበት የነበረው፣ ሴንት ጋይልስ ጎዳና ላይ ያለው መጠጥ ቤት ግን 2020 ላይ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ስለቆየ መከፈቱን ሳታረጋግጪ እዚያ ምሳ አታቅጂ። ሼሊ የተባለውን ገጣሚ ታስተምሪ እንደሆነ ደግሞ፣ 1811 ላይ እግዚአብሔር የለም የሚል አስተሳሰብ ያለበት ወረቀት በትናችኋል ብለው ከጓደኛው ጋር ያባረሩት ኮሌጅ ራሱ ከሰማንያ ዓመት በኋላ በነጭ እብነ በረድ ሐውልቱን ተቀብሎ አስቀምጦታል። ገጣሚ ማባረርና ገጣሚ ማክበር በአንድ ግቢ ውስጥ። እኛም አገር የምናውቀው ነገር ነው።

ሙዚየም አታብዢ። አሽሞሊያን ነጻ ነው፣ 1683 ላይ የተከፈተ ነው፣ ዝናብ ከመጣ ግቢበት። ፒት ሪቨርስ የሚባለው ግን የተለየ ስለሆነ አንድ ሰዓት ስጪው። ዕቃዎቹን በአገር አይደለም የደረደሩት፣ በዓይነት ነው፤ ከዓለም ሁሉ የመጣ የሙዚቃ መሣሪያ አንድ ላይ፣ ጌጥ አንድ ላይ፣ ጭምብል አንድ ላይ። ብዙው በቅኝ ግዛት ዘመን የተሰበሰበ ነው፣ ሆድሽን ሊያባባው ይችላል። ለእይታ አውጥተውት የነበረውን የሰው አካል 2020 ላይ ከመስታወቱ አንስተዋል፣ ያ ክርክር እዚያው ተጽፎ ታገኚዋለሽ። አንብቢው።

መጽሐፍ መግዛት፦ ብላክዌልስ 1879 ላይ ሲከፈት ትንሽ ክፍል ነበረች፣ ዛሬም ከፊት ስትታይ ትንሽ ናት፣ ውስጥ ገብተሽ ወደ ታች ስትወርጂ ግን ኖሪንግተን የሚባል ምድር ቤት አለ፣ የመደርደሪያው ርዝመት ሲደመር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። እዚያ ቁጭ ብለሽ ብታነቢ የሚያስነሳሽ የለም። ዋጋው ግን በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ለመግዛቱ ሴንት ጋይልስ ላይ ወዳለው የኦክስፋም መጽሐፍ መደብር ሂጂ፤ ሰው የለገሰው ያገለገለ መጽሐፍ ነው፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ይወድቃል። ሻንጣሽን አስቢ ግን፣ መጽሐፍ ይከብዳል፣ እህትሽም የምትልክልሽ ዕቃ አለ።

እህትሽን በተመለከተ አልፈርድባትም። ለንደን ሠርቶ የሚኖር ሰው ፈቃድ የሚያገኘው በስንት መከራ ነው። እሷ ከአንቺ ጋር ቡና አፍልታ፣ እናታችን እንዴት ናት፣ እነ እገሌ ምን ሆኑ ብላ ሌሊቱን ማውራት ነው የናፈቃት። አንቺ ደግሞ ገና ሳትደርሺ ብቻዬን ልሂድ ስትያት ቅር አላት፣ «ድንጋይ» ያለችውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ እዚያ ደርሰሽ ሻንጣ ስትፈቺ አትንገሪያት። ዛሬ ደውዪላት። ቀኑን ራሷ ትምረጥልሽ፤ ለምሳሌ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ብትሉ፣ ሁለቱን ቀን ብቻሽን ሆነሽ ቅዳሜ ጠዋት እሷ በባቡር ትምጣ። ያኔ አንቺ መንገዱን ለምደሽዋል፣ አስጎብኚዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ወደ ሜዳው ወይም ወደ ከቨርድ ማርኬት ውሰጃት፣ ከ1774 ጀምሮ የቆየ፣ ጣሪያ የለበሰ ገበያ ነው፣ ሥጋ ቤቱም፣ አበባ ሻጩም፣ ኬክ ቤቱም አንድ ላይ ነው፣ እሷ ይሄንን ትወደዋለች። ማታ አብራችሁ ተመለሱ። እና ከሁለቱ ሳምንት የመጀመሪያውን አምስት ቀን ሙሉ በሙሉ ለእሷ ስጪ፤ ገና እንደደረስሽ ጥለሻት አትሂጂ። በዚህ ካልተስማማች ሁለት ቀን አድርጊው እንጂ አትተዪው፣ ደርሶ መልስ ላይ ግን አትስማሚ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ሐምሌ ተማሪ ስለሌለ ኮሌጆቹ የተማሪ ክፍሎቻቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ፣ እንደ ኬብል ያሉት፤ ክፍሉ ቀላል ነው፣ አልጋ፣ ጠረጴዛና መስኮት፣ አንዳንዱ መታጠቢያው የጋራ ነው። ከሆቴል በብዙ ይረክሳል። ቁርስ ካለው ምረጪ፣ ብዙ ጊዜ የሚበላው በኮሌጁ አዳራሽ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ሥዕሎች ሥር ነው። በር ላይ የሚያስፈራሽ ነገር ያኔ ያበቃል፣ ቁልፉ ኪስሽ ውስጥ ነውና። ባቡሩ የሚነሳው ከፓዲንግተን ነው። ከቪክቶሪያ አካባቢ የሚነሳ አውቶቡስም አለ፣ ረከስ ይላል፣ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ቲኬት ላይ የምታዪው ሰዓት በፈረንጅ ነው፣ 18 ሰዓት ሲል የእኛ ምሽት 12 መሆኑን አትርሺ። ብዙ ካፌ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ ስለዚህ እህትሽ የምትሞላልሽ ካርድ ይኑርሽ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነ «ቪገን» ካልሽ የጾም ነው የሚሰጡሽ፣ የትም አለ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ስለሚፈታ ከዚያ በኋላ ብትሄጂ ይቀልልሻል። ጃንጥላና ያረጀ ምቹ ጫማ ያዢ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም።

ክፍሉንና የቦድሊያንን ቲኬት ግን ሐምሌ ሳይደርስ፣ ከእህትሽ ጋር ቀኑን እንደቆረጣችሁ በዚያው ቀን ያዢ፤ በጋቸው ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።